ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበብ

ከወልዲያ ተነስቶ በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ በውጫሌና በሐይቅ አድርጎ ደሴ የሚገባው አውራ ጎዳና በ1965 ዓ.ም. ሁለት ዓይነት መንገደኛ ነበረው። አንደኛው በሬውንም የቤት ዕቃውንም ሸጦ ጨርሶ፣ ልጁን አዝሎ፣ የሚሰጥ እጅ ባገኝ ብሎ ከቀዬው የወጣው የራያና ቆቦ፣ የየጁ፣ የአምባሰል ገበሬ ነው። ሁለተኛው እህል የጫነ መኪና ነው፤ ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚሄድ እህል።

ስለዚህ ሁለተኛ መንገደኛ ጽፈው ዓለም እንዲያውቀው ያደረጉት ሰው የወሎ ተወላጅ አይደሉም። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን ናቸው። ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥተዋል፤ የምዕራፉም ዋና ጉዳይ ወሎ ነው። የደሴን የእህል ገበያ መርምረው ያገኙት ነገር በጊዜው ብዙዎችን አስገርሟል። ገበሬው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የደሴ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም አልራቀም ነበር። እህል ከአገር ጨርሶ ቢጠፋ ዋጋው ጣሪያ በነካ። ገበሬው የሚገዛበት አቅም ነው የጠፋው። አዝመራው ሲወድቅ ምግቡም ገቢውም በአንድ ቀን ሄዱ፤ ከብቱን ገበያ ሲያወጣ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ጎረቤት አውጥቶ ነበርና ከብት ረከሰ። ነጋዴው ደግሞ ገንዘብ ወዳለበት ይጭናል። ስለዚህ ያለችውም እህል የተራበውን እያለፈች ወደ ከተማ ወረደች።

ይህን ትንታኔ የተቹ ምሁራን አሉ። የወሎ ገጠር ከመንገድ የራቀ በመሆኑ ነጋዴ ቢፈልግም እህል ማስገባት አይችልም ነበር ይላሉ፤ ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። የትኛውም ወገን የማይክደው ግን አንድ ነገር አለ። በሐይቅና በደሴ መካከል መንገድ ዳር የወደቀው ሰው የሞተው ሰማይ ስለጨከነበት ብቻ አይደለም። የእሱን ጩኸት ወስዶ ውሳኔ ከሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ የሚያሳርፍ አካል በአገሩ አልነበረም።

ሴን ይህን ጥያቄ መጠየቅ የጀመሩት ለትምህርት ካምብሪጅ ከመሄዳቸው በፊት ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. ቤንጋል በረሃብ ስትመታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። የተራቡት በአያታቸው ቤት ደጃፍ ሲያልፉ ሕፃኑ አማርትያ ለለመነው ቤተሰብ ሁሉ አንድ የሲጋራ ቆርቆሮ ሩዝ እየሰፈረ እንዲሰጥ አያቱ ፈቅደውለት ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ ቆርቆሮ በላይ ግን አይሆንም፣ የሚመጣው ሰው ብዙ ነውና። በዚያ ረሃብ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ሕዝብ አለቀ። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ዳካ ውስጥ ካደር ሚያ የሚባል ሙስሊም የቀን ሠራተኛ በሃይማኖት ብጥብጥ በስለት ተወግቶ፣ ደሙ እየፈሰሰ የሴን ቤተሰብ ግቢ ገባ። ሚስቱ በዚያ የከፋ ቀን ወደ ሂንዱዎች ሰፈር አትሂድ ብላ ለምናው ነበር። ቤት ውስጥ የሚቀመስ ስላልነበረ ሄደ። ሐኪም ቤት ደርሶ አረፈ። ሴን ይህን ታሪክ በየጊዜው ያነሱታል፤ ድህነት የሰውን ነፃነት እንዴት እንደሚነጥቅ ያስረዳላቸዋልና።

በ1953 እ.ኤ.አ. ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ከቦምቤይ በመርከብ ተሳፍረው እንግሊዝ ገቡ። ካምብሪጅ ውስጥ ክፍል ያከራየቻቸው ሴት የቆዳቸው ቀለም ሲታጠቡ ገንዳው ላይ ይለቅ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ይህችው ሴት ኋላ ስለ ዘር እኩልነት የምትሟገት ሆነች። ሴን ነገሩን በትዝታ መጽሐፋቸው ሲተርኩት ቂም የለበትም። ወጣቱ ተማሪ ከባሕር ማዶ ያገኘው ትልቁ ነገር ይኸው ይመስላል፦ ሰው አብሮ ሲኖርና በግልጽ ሲከራከር ሐሳቡን ይለውጣል፤ አገርም እንደዚሁ። ከዚያ በኋላ በጻፉት ሁሉ ይህ ሐሳብ አለ። ነፃ ጋዜጣና ተቀናቃኝ ፓርቲ ባለበት፣ ምርጫ በሚደረግበት አገር ትልቅ ረሃብ ሕዝብ ጨርሶ አያውቅም የሚለው የታወቀው አቋማቸው የተተከለው በዚህ መሬት ላይ ነው።

ሕንዳዊው ወጣት ወደ እንግሊዝ በተጓዘበት ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሕንድ ውስጥ ይማር ነበር። መስፍን ወልደ ማርያም ይባላል። የመጀመሪያ ዲግሪውን ከፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ በ1955 እ.ኤ.አ. አገኘ። ሕንድ ያኔ ከቅኝ ግዛት ከወጣች አሥር ዓመት ያልሞላት፣ ሕገ መንግሥቷን በ1950 ሥራ ላይ አውላ የመጀመሪያውን አጠቃላይ ምርጫ ከ1951 እስከ 1952 ያካሄደች አዲስ ሪፐብሊክ ነበረች። ማንበብና መጻፍ የማይችለው ብዙኃን ሕዝብ የፓርቲዎችን ምልክት እያየ ድምፅ የሰጠበት ምርጫ ነው። መስፍን ከሕንድ ወደ አሜሪካ፣ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ አለፉ፤ ከዚያም አገራቸው ተመልሰው ጂኦግራፊ አስተማሩ። ካርታ አዘጋጁ፣ ገጠሩን ዞሩ፣ ረሃብን የዕድሜ ልክ ጥናታቸው አደረጉት። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ስለ ገጠሪቱ ኢትዮጵያ ለረሃብ መጋለጥ የሚያትተው መጽሐፋቸው መጀመሪያ የታተመው ኒው ዴልሂ ነው።

በዚያ ጥናት ውስጥ ከተመዘገቡት ነገሮች አንዱን ማንኛውም የወሎ ባለሥልጣን በቃሉ ሊያውቀው ይገባል። በ1958 ዓ.ም. በዋግና ላስታ፣ በወረሂመኑም ረሃብ ገባ። የአካባቢው ፖሊስ ነገሩን ካወቀ ከአንድ ወር በኋላ ወሬው አገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ከሚኒስቴሩ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ ለመድረስ ሌላ 302 ቀን ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስቴሩን አንድ ነገር አድርግ ሲሉት፣ ሚኒስቴሩ ወደ ወሎ ሹማምንት የላከው ትእዛዝ የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ላኩ የሚል ሆነ።

የሞቱትን! በሕይወት ያለውን፣ ነገ የሚሞተውን፣ ዛሬ ቢደርሱለት የሚተርፈውን ሰው ስም የጠየቀ የለም።

ከሰባት ዓመት በኋላ ያው ነገር ባሰ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪው ተንቀሳቀሰ፤ መንግሥት ግን ጉዳዩን ማድበስበስ መረጠ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በለንደን ቴሌቪዥን ሲታይ ነው ዓለም የነቃው። ያ ፊልም ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዕለት ዋዜማ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ። ደርግም በተራው በ1977ቱ ረሃብ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አልጻፈም።

በእነዚያው በ1972 እና በ1973 እ.ኤ.አ. የሕንዷ ማሃራሽትራ ግዛት በከባድ ድርቅ ተመታ። አዝመራው ወደቀ። ሰልፍ ወጣ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ የተቃዋሚ ፓርቲ የምክር ቤት አባላት መንግሥትን ወጥረው ያዙ። መንግሥትም መንገድ ጠረጋ፣ የጉድጓድ ቁፋሮ፣ የግድብ ሥራ ከፍቶ ለሠራ ሰው ሁሉ ደሞዝ ከፈለ፤ በግንቦት 1973 እ.ኤ.አ. በዚህ ሥራ የተሰማራው ሰው ወደ 5 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። የድርቁ ክብደት ሲታይ የሞተው ሰው ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነው። ማሃራሽትራ ከወሎ የበለጠ ምሕረት ያደረገላት ደመና የላትም። ልዩነቱ የተራበው ሰው ጉዳይ ሹሙ ፊት መቅረቡ ነው።

ሕንድን እዚህ ላይ ማሞገስ ብቻ ግን እውነት አይሆንም። ራሳቸው ሴን ደጋግመው የጻፉት ነገር አለ፦ ሕንድ ትልቁን ረሃብ ታቆማለች፣ በየቀኑ ቀስ እያለ ሕፃን የሚያቀጭጨውን እጥረት ግን ዝም ብላ ታያለች። የዘር መደብ ጭቆናው፣ የሃይማኖት ግጭቱ አለ። ከሰው አገር ልምድ የሚወሰደው ተመርጦ ነው።

ተሻግሮ መማር ለሐይቅና ለአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከዳህና ተነስተው ደብረ ዳሞ ተማሩ፤ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጥተው ትምህርት ቤት አቆሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ያንን ሁሉ መንገድ አቋርጠው ሐይቅ መጥተው በእሳቸው እግር ስር ተቀመጡ፤ በኋላም ደብረ ዳሞ ዘልቀው ተመለሱና በአገራቸው ሸዋ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም የሐይቅ ተማሪ ነበሩ። በዚያው በወሎ ምድር በጌታ፣ በዳና፣ በጃማ ንጉሥ ከሩቅ አገር የሚመጣ ደረሳ ኪታቡን ይዞ ከሼኮቹ ዘንድ ዓመታት ይቀመጥ ነበር። የቆሎ ተማሪውንም ደረሳውንም ያበላው መንደሩ ነው። ለማያውቀው የሰው ልጅ ቁራሽ እየሰጠ ያስተማረ ሕዝብ ትምህርት የማን እንደሆነ በደንብ ያውቃል። ተማሪውም ተመልሶ ለሌላው ካላስተማረ ዕዳ እንዳለበት ይሰማው ነበር። ዛሬ በመንግሥት ስኮላርሽፕ ወደ ውጭ የሚላክ ሰው ዕዳው ለማን እንደሆነ ሲጠየቅ ምን ይመልስ ይሆን?

ከወሎ ምድር ወደ ሕንድ ሄዶ ዘመናዊ ትምህርት የተማረ አንድ ቀደምት ሰው ግን በፈቃዱ አልሄደም። በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ስትወድቅ ከአምባው ላይ የተገኘ የጎንደር ልጅ ነበር፤ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው። ላሆር ውስጥ ሕክምና ተማረ፤ ስሙም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ከዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ዘመዶቹን አገኘ፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሆነ። በ1925 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ለንደን ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። ሁለት ልጆቻቸው በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። ከእነሱ ትውልድ ከውጭ ተምሮ ከመጣው ወጣት ብዙው ያለቀው በዚያ የፋሺስቶች ፍጅት ነው።

ሌላው የዚያ ዘመን ሰው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በጀርመንና በኦስትሪያ ተምረው ከመጡ በኋላ ለወሎው የራስ ሚካኤል ልጅ ለልጅ ኢያሱ መንግሥት የሚሆን ምክር ጻፉ። የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት ይለያይ፣ ግብር በደንብና በልክ ይሁን፣ ሕግ ይጻፍ የሚል ነው። ከውጭ ተምረው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን በአገራቸው ሹማምንት እንደሚገፉም አማረሩ። በ1919 እ.ኤ.አ. ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሞቱ። የጠየቁት የሒሳብ ነገር እስከ ዛሬ ጥያቄ ነው።

ወሎ ውስጥ ሒሳብ በሕዝብ ፊት የሚነገርበት አንድ ቤት አለ፤ ቅሬ ይባላል። ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ ወሎ ላይ ግን ከቀብር ያለፈ ሥራ አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። ጀናዛ ሲወጣ ክርስቲያኑ ይቆፍራል፣ አስከሬን ሲሸኝ ሙስሊሙ ይሸከማል፤ ሰደቃውም ተዝካሩም ላይ ጎረቤት አይቀርም። የቅሬው ዳኛ ጠብ ያበርዳል፣ ድንበር ያስለካል፣ ጥፋተኛ ይቀጣል። አልታረም ያለ ሰው ከቅሬ ይወጣል፤ ያኔ እሳት የሚጭርለት፣ ሬሳ የሚያነሳለት ያጣል። ካደር ሚያን የገደለው ዓይነት ጥላቻ ወሎ ላይ ሥር እንዳይሰድ ከጠበቁት ነገሮች አንዱ ይህ ተቋም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቅሬ ላይ መዋጮ የከፈለና ያልከፈለ ይታወቃል። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለማን ተሰጠ የሚለው በተሰበሰበው ሰው ፊት ይነገራል፤ ያልተዋጠለት ተነስቶ ይጠይቃል። ጉድለቱም መነገር አለበት። በብዙ ቦታ ዳኝነቱ የወንድ ነው፤ ሴቶች የሥራውን ግማሽ ሠርተው ከውሳኔው ይርቃሉ። ወጣቱ ደግሞ ቅሬን የሽማግሌ ነገር አድርጎ ያያል። ከሁሉ በላይ ግን ቅሬ ለሞተ ሰው የሚያደርገውን ያህል በሕይወት ላለው አያደርግም። ይህ ሊለወጥ ይችላል፤ መለወጫውም ቦታ አለ።

ቦታው ሴፍቲኔት ነው። የምግብ ዋስትናው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በአምባሰልም በተሁለደሬም ድንጋይ ካብ የካበ፣ እርከን የሠራ፣ ችግኝ የተከለ ሰው ያውቀዋል። አቅም ያለው የአካባቢ ልማት ሥራ ሠርቶ ይከፈለዋል፤ አቅም የሌለው አረጋዊና ሕመምተኛ ሳይሠራ ይደገፋል። ሐሳቡ ከማሃራሽትራው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የፕሮግራሙ መመሪያ ደግሞ ጥሩ ነገር ይዟል፤ ተጠቃሚውን ማኅበረሰቡ ይመልምል፣ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበብ፣ ይለጠፍ፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይቋቋም ይላል። በተግባር ግን በብዙ ቀበሌ የሚሰማው ሌላ ነው። ስሜ ለምን እንደተሰረዘ አላውቅም የሚል ድሃ፣ የአመራር ዘመድ ገባ የሚል ሐሜት፣ ከበር ጀርባ የሚጻፍ መዝገብ። ሐሜቱ እውነት ይሁን ሐሰት ማረጋገጥ ያቃተው ዝርዝሩ ስላልተነበበ ነው።

ሕንዶች በዚያው በ2005 እ.ኤ.አ. የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ አወጡ፤ በዚያው ዓመት የመረጃ ነፃነት ሕግም ወጣ። ሁለቱ አንድ ላይ የመጡት በአጋጣሚ አልነበረም። ራጃስታን ውስጥ በ1990 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የገበሬና የሠራተኛ ማኅበር ነበር፤ ከመሪዎቹ አንዷ አሩና ሮይ ትልቅ የመንግሥት ሥራቸውን በ1970ዎቹ አጋማሽ ለቀው መንደር የገቡ ሴት ናቸው። ማኅበሩ ከ1994 ጀምሮ የሕዝብ ችሎት የሚባል ስብሰባ ይጠራ ጀመር። የቀበሌው የሥራ መዝገብ ይመጣና ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል፦ እገሌ ይህን ያህል ቀን ሠርቶ ይህን ያህል ሩፒ ወሰደ። ስሙ የተጠራው ሰው ተሰብስቦ ከተቀመጠው መሃል ይነሳና እኔ አንድ ቀን አልሠራሁም፣ ሳንቲምም አልተቀበልኩም ይላል። የሞተ ሰው ስም ይነበባል። ተሠራ የተባለ ግድብ ይጠራል፤ ግድቡ የለም። መፈክራቸው የእኛ ገንዘብ፣ የእኛ ሒሳብ የሚል ነበር። ነጋሪትና ጥይት አላስፈለጋቸውም። የሰው ስም ባለቤቱ በተቀመጠበት ማንበብ በቃቸው።

ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ነው? ቅሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። በቅሬ ሒሳብና በቀበሌ ሒሳብ መካከል ያለው ልዩነት አንዱ ጎረቤት ፊት መነገሩ፣ ሌላው ቢሮ ውስጥ መቆለፉ ነው። ሕጉም ከሕዝብ ጋር ነው፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። በአምባሰል ቀበሌዎች ግን ይህን መብት ተጠቅሞ የሴፍቲኔት ዝርዝር ይታየኝ የሚል ገበሬ ማግኘት ቀላል አይደለም። የሚነግረው ሰው አላገኘማ!

እዚህ ላይ ነው የተማረው ሰው ድርሻ የሚመጣው። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ መምህራን ለዶክትሬት ወደ ሕንድ ሄደዋል፤ ቪሻካፓትናም ያለው አንድራ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል። አንዳንዶቹ ጥናታቸውን የሠሩት በገዛ አገራቸው ገበሬ ላይ ነው። መጠይቅ ይዘው ቀበሌ ገቡ፣ የገበሬውን ጊዜ ወሰዱ፣ መልሱን ጻፉ፣ ተመረቁ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ይህ ነውር ነው። የቆሎ ተማሪና ደረሳ ያበላ ሕዝብ ይህን ያህል ግልጽ ዕዳ ተክዶበት አያውቅም። ቢያንስ ያገኙትን ነገር በአማርኛ፣ በሁለት ሰዓት፣ መልስ በሰጣቸው ሰው ፊት ቀርበው ሊናገሩ ይገባል። ሲናገሩም ገበሬው ይከራከራቸዋል፤ ጥናቱም ያኔ ነው ፈተና የሚያልፈው።

ውጭ አገር ያየ ሲባል ደግሞ ዲግሪ የያዘው ብቻ መታሰቡ ይቅር። ከሐይቅና ከአምባሰል ከሚወጣው ወጣት ብዙው ዩኒቨርሲቲ አይሄድም፤ ዓረብ አገር ነው የሚሄደው። በባሕር የሚሻገረው ብዙ ነው፤ በመንገድ የቀረውም ብዙ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከተመላሾቹ ውስጥ የወሎ ልጆች ጥቂት አልነበሩም። ጅዳ ላይ ደሞዟን የተከለከለች፣ ውል ያለ ፊርማ ምን እንደሚያመጣ ያየች፣ ኤምባሲ ደጃፍ የተንገላታች ሴት ስለ መብትና ስለ መንግሥት የምታውቀው ከብዙ መምህር ይበልጣል። ቅሬው ግን ስትመለስ አምጪ እንጂ ተናገሪ አይላትም።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ውጫሌንና ሐይቅን አልፎ ደሴ በደረሰ ጊዜ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ በተዘረፈ ጊዜ፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች በፈረሱ ጊዜ የአካባቢው ተወላጆች ከአገር ውስጥም ከውጭም አዋጡ። ተፈናቃዮች በጃሪ መጠለያ ሲሰፍሩም ጎረቤት መንደሩ ያለውን አካፈለ። የስም ዝርዝር ጉዳይ በዚያ ጊዜ የሕይወት ጉዳይ ነበር፤ ስሙ ያልተጻፈ ተፈናቃይ ዱቄትና ዘይት አያገኝም። ከጦርነት የወጣ አካባቢ ቶሎ ሊያስተካክለው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ሕዝቡ በስም ዝርዝሩ ላይ ያለው እምነት ነው። ሕንፃው ቀስ ብሎ ይሠራል። ርዳታው ለእገሌ ሄደ፣ ለእገሌ ቀረ የሚለው ጥርጣሬ ግን ዓመት ባለፈ ቁጥር ጎረቤትን ከጎረቤት ያራርቃል።

ስለዚህ ጥያቄው ትንሽና የሚቻል ነው። ውጫሌ ያለው የአምባሰል ወረዳ አስተዳደርና ሐይቅ ያለው የተሁለደሬ ወረዳ አስተዳደር የሚቀጥለውን የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዝርዝር ከማጽደቃቸው በፊት በየቅሬው ስብሰባ ላይ፣ የቅሬው ዳኛ ባለበት፣ ሴቶችና ወጣቶች በተገኙበት ያስነብቡ። የተሠራው የእርከንና የመንገድ ሥራ፣ የተከፈለው ገንዘብም አብሮ ይነበብ። ተቃውሞ ያለው ሰው ስሙና ቃሉ ይመዝገብ፤ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው በሁለት ሳምንት ውስጥ ለዚያው ስብሰባ ተመልሶ መልስ ይስጥ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከሕንድም ከሌላም አገር ተምረው የመጡ መምህራኑን በየቀበሌው መድቦ ይህን ሥራ ያግዝ፤ የጥናት ውጤታቸውንም እዚያው ያቅርቡ። የቅሬ ዳኞች ሆይ፣ ይህን ከእናንተ በላይ የሚችል የለም። ወረዳው እስኪጠራችሁ አትጠብቁ፤ ዝርዝሩን እናንተ ጠይቁ።